ብቻውን የሚያስታውስ ሰው፦ በዲስቶፒያና በምትሃታዊ እውነታዊነት ልቦለዶች ውስጥ ግለሰብን ብቸኛ የሚያደርገው ማን ነው?

ጥያቄ፦ የማታ አንባቢ

ሰላም ለሁላችሁ። በጆርጅ ኦርዌል «1984» እና በገብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» መካከል ያስተዋልሁትን አንድ መመሳሰል ላቅርብና ሐሳባችሁን ልጠይቅ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ፣ ሁለተኛው በ1967 ቦነስ አይረስ ውስጥ የታተሙ ሲሆኑ፣ አንዱ የዲስቶፒያ (ጨቋኝና አስፈሪ ኅብረተሰብን የሚሥል ልቦለድ)፣ ሌላው የምትሃታዊ እውነታዊነት (ተአምራዊው እንደ ተራ ነገር የሚተረክበት ስልት) ቀዳሚ ምሳሌ ሆነው ይጠቀሳሉ። በአጻጻፍ ስልት የሚያገናኛቸው ነገር እምብዛም የለም። ሆኖም በሁለቱም ውስጥ ሥልጣን የያዘው ወገን የሆነውን ነገር አልሆነም ይላል፤ ሕዝቡም ይቀበላል፤ አንድ ሰው ብቻውን ያስታውሳል።

በ«1984» ያ ሰው ዊንስተን ስሚዝ ነው። ሥራው የቆዩ ጋዜጦችን ፓርቲው ዛሬ ከሚለው ጋር እንዲስማሙ አድርጎ እንደገና መጻፍ ነው። ሦስት የቀድሞ የፓርቲ መሪዎች በጠላት ምድር ተገኝተን ምስጢር አሳልፈን ሰጠን ብለው በተናዘዙበት ዕለት ኒው ዮርክ እንደነበሩ የሚያሳይ የጋዜጣ ቁራጭ አንድ ቀን እጁ ይገባል፤ እሱም በፍርሃት ወደ እሳቱ ይልከዋል። ከዓመታት በኋላ የፓርቲው ባለሥልጣን ኦብራየን በእስር ቤት ያንኑ ፎቶግራፍ ያሳየዋል፤ ወዲያው ያስወግደውና እንዲህ ያለ ነገር ኖሮ እንደማያውቅ፣ እሱም እንደማያስታውሰው ይነግረዋል።

«የመቶ ዓመት ብቸኝነት» በሚተረክባት ምናባዊ ከተማ በማኮንዶ ደግሞ ያ ሰው ሆሴ አርካዲዮ ሴጉንዶ ነው። አድማ የመቱት የሙዝ እርሻ ሠራተኞች በባቡር ጣቢያው አደባባይ በመትረየስ ከተረሸኑ በኋላ፣ ሬሳ በተጫነበት ባቡር ውስጥ ይነቃል፣ ዘሎም ያመልጣል። ያስጠጋችው ሴት ግን በከተማው የሞተ ሰው እንደሌለ ትነግረዋለች። መንግሥትም ሠራተኞቹ ረክተው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል ብሎ ያውጃል፤ ከዚያም አራት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ከሁለት ቀን ዝናብ ይዘንባል።

ከዚህ በኋላ የሁለቱ ሰዎች ዕጣ ይለያያል። ዊንስተን ይሰበራል፤ ማስታወሱን ማቆም ብቻ ሳይሆን የሰበረውን ኃይል እስከ መውደድ ይደርሳል። ሆሴ አርካዲዮ ሴጉንዶን ግን የሚሰብረው የለም። ወታደሮች ቤቱን ሲፈትሹ መኮንኑ እሱ የተቀመጠበትን ቦታ ትክ ብሎ እየተመለከተ አያየውም። በአንዱ መጽሐፍ ሰውን በየቤቱ ከሚሰልለው ስክሪን፣ ከቴሌስክሪን፣ የሚሰወር ፊት የለም፤ በሌላው የመንግሥት ዓይን ፊቱ የተቀመጠውን ሰው ማየት ይሳነዋል።

ጥያቄዬ የሚከተለው ነው። ዲስቶፒያ የግለሰብን ብቸኝነት ሥልጣን ሆን ብሎ የሚያመርተው ነገር አድርጎ ያቀርበዋል። ማርኬዝ ግን ብቸኝነቱ ከሥልጣን በፊትም እዚያው እንደነበረ የሚናገር ይመስለኛል። ይህ አነባበብ ትክክል ነው ትላላችሁ? ትክክል ከሆነስ፣ ምትሃቱ ግለሰቡን ነጻ ያወጣዋል ወይስ ይደብቀዋል እንጂ ምንም አያደርግለትም?

መልስ 1፦ ሰባተኛው መደርደሪያ

ብቸኝነቱ ከሥልጣን በፊት እንደነበረ መጽሐፉ ራሱ በተለያዩ ቦታዎች ያሳያል፤ እኔ ግን «በፊት» ከማለት ይልቅ ሥልጣን በምን በር እንደገባ መከተሉ የበለጠ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ማኮንዶ ስትመሠረት አስተዳዳሪም፣ ዳኛም፣ ፖሊስም አልነበራትም። የመጀመሪያው የመንግሥት ሰው ዶን አፖሊናር ሞስኮቴ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ትእዛዙም ቤቶች ሁሉ ለብሔራዊ የነጻነት በዓል ሰማያዊ ቀለም ይቀቡ የሚል ነበር። የከተማዋ መሥራች ሆሴ አርካዲዮ ቡወንዲያ በወረቀት የሚታዘዝ ሰው እዚህ የለም ብሎ በኮቱ ደረት አንሥቶ ተሸክሞት ይወጣና ከከተማው በሚያስወጣው መንገድ ላይ ያቆመዋል። ይህ የብዙ አንባቢ ተወዳጅ ትዕይንት ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ሞስኮቴ ከስምንት ቀን በኋላ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ወታደሮችን፣ ሚስቱንና ሰባት ሴቶች ልጆቹን አስከትሎ ይመለሳል። መሥራቹም ወታደሮቹ እስከወጡና እያንዳንዱ ሰው ቤቱን በወደደው ቀለም እስከቀባ ድረስ መቆየት ትችላለህ ብሎ ይፈቅድለታል። ብዙ ሳይቆይ የመሥራቹ ልጅ አውሬሊያኖ ከሞስኮቴ ልጆች የመጨረሻዋን ያገባል። በጠመንጃ ያልገባው መንግሥት በጋብቻ ገባ ማለት ነው። የምርጫውን ወረቀት ሞስኮቴ በሌሊት ሲለዋውጥም አውሬሊያኖ በአማችነት አጠገቡ ተቀምጦ ያያል።

ይህ በኦርዌል ዓለም ሊሆን አይችልም። እዚያ ፓርቲው ቤተሰብን መግቢያ አድርጎ አይጠቀምም፤ ቤተሰብን ያፈርሳል፣ ቅርፊቱን ብቻ ያስቀራል። ፓርሰንስ በእንቅልፍ ልቡ የተናገረውን ሰምታ ያሳሰረችው የገዛ ልጁ ናት፤ እሱም በእስር ቤት ሆኖ በልጁ ይኮራል። በማኮንዶ ግን ቤተሰቡ እስከ መጨረሻው ይቆያል፤ ነገር ግን በቤቱ ያሉት ሁሉ እየተያዩ አይገናኙም። መዝጊያውን ከውስጥ የሚዘጋው ራሱ ቤተሰቡ ነው። ርብቃ በሯን ዘግታ ትኖራለች፤ አማራንታ የገዛ ከፈኗን ትሠራለች፤ በኋላ ኮሎኔል የሆነው አውሬሊያኖ የወርቅ ዓሣዎቹን እየሠራ መልሶ ያቀልጣል። ከመካከላቸው አንዳቸውንም መንግሥት አላዘዛቸውም።

ኮሎኔል አውሬሊያኖ ለጥያቄዎ ትልቁ ማስረጃ ይመስለኛል። ሠላሳ ሁለት የትጥቅ አመፆች አካሂዶ ሁሉንም የተሸነፈው ይህ ሰው፣ በኃይሉ ጫፍ ላይ በነበረበት ጊዜ በሄደበት ሁሉ ረዳቶቹ በዙሪያው በኖራ ክብ ያሰምሩ ነበር፤ በሦስት ሜትር ርቀት ውስጥ እናቱ ኡርሱላም ቢሆኑ እንዲገቡ አይፈቀድም። ክቡን ያሰመረበት ጠላት አይደለም፤ ያሰመረው የራሱ ትእዛዝ ነው። ኦርዌል ብቸኛ አድርጎ የሚያሳየን ተገዢውን ነው። የፓርቲውን መሪ፣ የታላቁን ወንድም፣ ብቸኝነት አናይም፤ በሕይወት ይኑር አይኑር እንኳ አይነገረንም። ማርኬዝ ግን ብቸኝነትን ከገዢው ይጀምራል። የዲስቶፒያ ጸሐፊ ሥልጣንን ከታች ወደ ላይ ያየዋልና ከላይ ፊት አልባ ማሽን ይታየዋል፤ የላቲን አሜሪካው ጸሐፊ አምባገነኑን በስሙና በሕመሙ የሚያውቀው የጎረቤት ሰው ስለሆነ ከብርድ ልብሱ ጋር ይሥለዋል።

ስለ መርሳትም አንድ ነገር ልጨምር። ከጭፍጨፋው ከብዙ ዓመታት በፊት ማኮንዶን የእንቅልፍ ማጣት ወረርሽኝ ይመታታል፤ የበሽታው መጨረሻም መርሳት ነው። ሰዎች የዕቃዎችን ስም እንዳይረሱ በየነገሩ ላይ ጽሑፍ ይለጥፋሉ፤ በላሟ አንገት ላይ ላም መሆኗንና በየማለዳው መታለብ እንዳለባት የሚገልጽ ጽሑፍ ያንጠለጥላሉ። ያን ጊዜ እንዲረሱ ያስገደዳቸው ሥልጣን አልነበረም። መንግሥት በኋላ የሞተ ሰው የለም ሲል የሚናገረው አንድ ጊዜ መርሳትን ለተለማመደ ሕዝብ ነው።

መልስ 2፦ የመዝገብ ቤት ሰው

ከላይ የተጻፈው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሁለቱን መጽሐፎች መርሳት ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንዱ የተፈጠረ፣ ሌላው የደረሰ መሆኑ እየተዘለለ ነው።

የማኮንዶው ጭፍጨፋ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1928 በኮሎምቢያ የካሪቢያን ጠረፍ በዩናይትድ ፍሩት ኩባንያ እርሻዎች ላይ በተጀመረ አድማ የተመሠረተ ነው። በታኅሣሥ 6 ሌሊት ሲዬናጋ በተባለችው ከተማ ባቡር ጣቢያ አጠገብ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ወታደሮች ተኮሱ። አዛዡ ጄኔራል ካርሎስ ኮርቴስ ቫርጋስ የሟቾቹን ቁጥር 47 ብሎ አምኗል፤ በቦጎታ የነበረው የአሜሪካ ኤምባሲ ወደ ዋሽንግተን በላከው መልእክት ግን ከአንድ ሺህ በላይ ተብሎ ተጽፏል። ወጣቱ ፖለቲከኛ ሆርሄ ኤሊዬሰር ጋይታን በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩን ምክር ቤት ድረስ ወሰደው። ስለዚህ ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልተረሳም፤ የጠፋው ቁጥሩ ነው።

ልቦለዱ ከሦስት ሺህ በላይ ይላል። ማርኬዝ ራሱ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደተናገረው፣ እውነተኛውን ቁጥር ሲፈልግ ያገኘው እጅግ ትንሽ ሆኖበት፣ መጽሐፉ ግን ሁሉ ነገር የገዘፈበት ስለሆነ ባቡሩን በሬሳ ለመሙላት ቁጥሩን አሳደገው። በኋላም ሦስት ሺህ የሚለው በኮሎምቢያ የአደባባይ ንግግሮች ውስጥ እንደ ታሪክ ሐቅ ሲጠቀስ ሰምቶ ተገርሟል።

አሁን ወደ ዊንስተን እንመለስ። ዊንስተን ከሥራዎቹ መካከል አንድ ቀን ጓድ ኦጊልቪ የሚባል፣ ፈጽሞ ያልኖረ የጦር ጀግና ፈጥሮ በጋዜጣ ያሠፍራል፤ ከዚያም ኦጊልቪ ከሻርለማኝና ከጁሊየስ ቄሣር ባልተናነሰ ማስረጃ የታሪክ ሰው እንደሚሆን ያስባል። የማርኬዝ ሦስት ሺህ ሰዎችና የኦርዌል ጓድ ኦጊልቪ በአሠራራቸው ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ከአንድ ጸሐፊ ጠረጴዛ ተነሥተው ወደ ታሪክ መዝገብ የገቡ ናቸው። ይህን የምለው ማርኬዝን ለመክሰስ አይደለም። የምትሃታዊ እውነታዊነት ጸሐፊ በሥልጣን ላይ የሚጠቀምበት መሣሪያ ሥልጣን ራሱ የሚጠቀምበት መሆኑን ሳናነሣ ምትሃቱ ነጻ ያወጣል ወይ ብለን መጠየቅ ስለማይቻል ነው።

የጠያቂው አስተያየት፦ የማታ አንባቢ

የመዝገብ ቤት ሰው ያነሡት ነጥብ ከበድ ያለ ነው፤ ሆኖም በአሠራር ይመሳሰላሉ ማለት በሥራ ይመሳሰላሉ ማለት አይመስለኝም። ጓድ ኦጊልቪ ሲፈጠር ቀድሞ በዚያው ገጽ ላይ የነበረው ሰው እንዲጠፋ ነው፤ ጋዜጣው ይሰበሰባል፣ ይቃጠላል፣ በአዲስ ይተካል፤ ኦጊልቪን የሚጠራጠር ሰው የሚያመሳክርበት ሌላ ወረቀት አያገኝም። የማርኬዝ ሦስት ሺህ ግን የኮርቴስ ቫርጋስን 47 አላጠፋም፤ እንዲያውም አንባቢው 47ን እንዲፈልግ ይልከዋል። እርስዎ ራስዎ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠው የጻፉልን ልቦለዱ ስላላገደዎት ነው። በተጨማሪም ማርኬዝ ቁጥሩን ማሳደጉን በአደባባይ ተናግሯል፤ ዊንስተን የሚሠራበት የእውነት ሚኒስቴር ግን እንደዚህ ያለ መግለጫ የሚያወጣበት ቀን አይኖረውም።

የቀረብኝ ነገር ቢኖር ስለ ኅብረተሰቡ ነው። እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ገዢውና ስለ አንድ አስታዋሽ ነው። ብዙኃኑ ግን በሁለቱም መጽሐፎች ዝም ያሉ ናቸው። ኦርዌል ከሕዝቡ ሰማንያ አምስት በመቶ ለሆኑት ፕሮሎች (ከፓርቲው ውጭ ላሉት ተራ ሠራተኞች) ተስፋ ይሰጣል፣ ድምፅ ግን አይሰጣቸውም።

መልስ 3፦ ባለ ሁለት መነጽር

ለብዙኃኑ ድምፅ የሚሰጡ ሦስት መጽሐፎችን ላንሣ፤ አንዱ ከዲስቶፒያ፣ ሁለቱ ከላቲን አሜሪካ ናቸው።

የመጀመሪያው የዬቭጌኒ ዛምያቲን «እኛ» ነው። የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1921 ሲሆን፣ በ1924 በእንግሊዝኛ ትርጉም ኒው ዮርክ ውስጥ ታተመ፤ በገዛ አገሩ ለመታተም ግን እስከ 1988 ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ኦርዌል አንብቦት በ1946 ግምገማ ጽፎበታል፤ በ«1984» ላይ ያለው ጥላ ከዚህ ይታወቃል። ዛምያቲን ግን ከኦርዌል የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ፤ ተራኪው ዲ-503 ከሳሽ ሳይሆን አማኝ ነው። ግድግዳው ሁሉ መስታወት በሆነበት ከተማ ይኖራል፤ ሁሉም በአንድ ደቂቃ ይነሣል፣ በአንድ ደቂቃ ማንኪያውን ያነሣል፤ እሱም ይህን በደስታ ይገልጻል። በውስጡ «እኔ» የሚል ስሜት ሲያቆጠቁጥ ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ ሐኪሙም ነፍስ እንደበቀለችበት ይነግረዋል። መጨረሻው አእምሮ ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎ ምናብ መወገድ ነው። እዚህ ላይ ኅብረተሰብ አለ፣ ድምፅም አለው፤ ነገር ግን «እኛ» የሚለው ድምፅ የመንግሥት ንብረት ነው፤ የሚናገርበት ሰው ሲናገር ይጠፋል።

ሁለተኛው የማርኬዝ «የፓትርያርኩ መጸው» ነው፤ በ1975 የታተመ። እንደ እኔ ከሆነ ለዚህ ውይይት ከ«የመቶ ዓመት ብቸኝነት» የበለጠ የሚመጥነው ይህ ነው። ተራኪው እዚህም «እኛ» ነው፤ ግን ሌላ «እኛ»። ጥንብ አንሣዎች የቤተ መንግሥቱን መስኮቶች ሰብረው ከገቡ በኋላ ሕዝቡ ደፍሮ ይገባና የአምባገነኑን ሬሳ ያገኛል፤ ዕድሜው ከ107 እስከ 232 ዓመት መካከል የሆነ ቦታ ላይ ነው ይባላል። ሬሳውን ያገኙት ግን የሚያውቁት መሆኑን እርግጠኛ መሆን አይችሉም፤ በሕይወት እያለ በቅርብ ያየው የለምና። ከዚህ ቀደምም አንድ ጊዜ «ሞቶ» ነበር፤ የሞተው ግን መልኩን ይዞ በየአደባባዩ ይታይለት የነበረው ፓትሪሲዮ አራጎኔስ ነው። አምባገነኑ ተደብቆ የገዛ ቀብሩን እየተመለከተ ማን እንዳለቀሰና ማን እንደጨፈረ ለይቶ ያዘ፤ ቀጥሎ የመጣውን መገመት አያዳግትም።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ «እኛ» ንጹሕ አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ ገጽ ሙሉ ሲፈስ ድምፁ ከሕዝቡ ወደ አምባገነኑ፣ ከእሱ ወደ እናቱ፣ ከእሷ ወደ አንድ ወታደር ይተላለፋል፤ የሚያቆመው ነጥብ ስለሌለ ገዢና ተገዢ በአንድ እስትንፋስ ውስጥ ይገኛሉ። የማታ አንባቢ ብዙኃኑ ዝም ያሉ ናቸው ላሉት ይህ መልስ ይሆን ይመስለኛል። እዚህ ሕዝቡ ብዙ ይናገራል፤ ባሕሩ ለዕዳ ተሸጦ ቁጥር ተሰጥቶት ተቆራርጦ ወደ አሪዞና ሲወሰድ ያያል፣ ያወራል፣ ይስቃል፤ መናገሩ ግን ከጥፋቱ አያነጻውም። በዛምያቲን «እኛ» ማለት ግለሰቡን ያጠፋዋል፤ በማርኬዝ «እኛ» ማለት ኃላፊነት መውሰድ ነው፤ እየተጓተተም ቢሆን።

ሦስተኛው የአሌሆ ካርፔንቲየር «የዚህ ዓለም መንግሥት» ነው። ከ«1984» ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1949 መታተሙን ያስተዋለ ጥቂት ነው። ኩባዊው ካርፔንቲየር በ1943 ሄይቲን ጎብኝቶ ከተመለሰ በኋላ የጻፈው ይህ መጽሐፍ በባሪያዎች አመፅና በጥቁሩ ንጉሥ በሄንሪ ክሪስቶፍ ዘመን ላይ የተመሠረተ ነው። የአመፁ ቀዳሚ ማካንዳል እ.ኤ.አ. በ1758 በእሳት ይቃጠላል። ባሪያዎቹ ማካንዳል ወደ ወፍና ወደ ነፍሳት ይለወጣል ብለው ያምናሉ፤ በቅጣቱ ሰዓት ገመዱ ሲፈታና አካሉ ወደ ላይ ሲነሣ ድኗል እያሉ ይጮኻሉ። በሁካታው መካከል ወታደሮች ይዘውት በራሱ በኩል ወደ እሳቱ እንደከተቱት ያየ ግን ጥቂት ነው። ባሪያዎቹ ወደየእርሻቸው የሚመለሱት እየሳቁ ነው።

ይህንን ትዕይንት በኦርዌል መነጽር ብናየው ሕዝቡ በዓይኑ ያየውን የካደበት ቀን ይሆናል። ሆኖም እዚህ የተካደው የገዢው ትዕይንት ነው፤ ቅጣቱ የተዘጋጀው ባሪያዎቹ አይተው እንዲፈሩ ነበር፤ እነሱ ግን ሌላ ነገር አይተው ሄዱ። ስለዚህ የማታ አንባቢ ስለ ምትሃቱ ላነሡት ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ምትሃቱ ነጻ የሚያወጣው የብዙ ሰው እምነት ሲሆን ነው፤ የአንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ በሆሴ አርካዲዮ ሴጉንዶ እንደሆነው፣ ክፍል ውስጥ ይደብቀዋል።

ነገር ግን ካርፔንቲየር እዚያ ላይ አያቆምም፤ ትልቅነቱም በዚህ ነው። ነጻ የወጣው ሽማግሌ ቲ ኖኤል ወደ ሄይቲ ሲመለስ የጥቁሩ ንጉሥ ጠባቂዎች በዱላ እየመቱ ለላ ፌሪየር ምሽግ ጡብ ያሸክሙታል። ከክሪስቶፍ በኋላም ሌሎች ጌቶች ይመጣሉ። ቲ ኖኤል በሰውነት ተሰላችቶ የማካንዳልን ጥበብ ይጠቀማል፦ ጉንዳን ሲሆን ትልልቅ ራስ ባላቸው ጉንዳኖች እየታዘዘ ሸክም ይሸከማል፤ ዝይ ሲሆን ዝዮቹ ዘር የሌለው መጤ ብለው ያገሉታል። ከኅብረተሰቡ ለማምለጥ የተጠቀመበት ምትሃት ሌላ ኅብረተሰብ ውስጥ ይጥለዋል።

መልስ 4፦ እንግዳ አንባቢ

በውይይቱ መካከል ስለገባሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከእኛ ቤት አንድ መጽሐፍ ላስታውስ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ታትሞ የታገደው የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ከእነዚህ መጽሐፎች ጋር ሊነበብ የሚገባው ይመስለኛል። በማኅፀን ያለ ፅንስ ግፍ ወደሞላበት ዓለም አልወጣም ብሎ ከእናቱ ጋር ይከራከራል። ይህ ሐሳብ በአንድ በኩል ምትሃታዊ ነው፤ ማንም ሳይደነቅ ፅንስ ይናገራልና። በሌላ በኩል ዲስቶፒያ ነው፤ የሚወለድበት አገር ከመወለድ የሚከለክል ሆኖ ቀርቧልና። ዊንስተን «እኔ» ማለት የጀመረው ማስታወሻ ደብተር ሲገዛ ነው፤ የአቤ ገጸ ባሕርይ ግን ኅብረተሰቡ ስም ሳያወጣለት፣ ክርስትና ሳያነሣው፣ አንድም ሰው ሳያየው «እኔ» ብሏል።

ባለ ሁለት መነጽር ምትሃት ነጻ የሚያወጣው የብዙኃን እምነት ሲሆን ነው ብለዋል። እዚህ ግን ምትሃቱ የአንድ ግለሰብ፣ ያውም ገና ያልተወለደ ግለሰብ ነው፤ ሆኖም የሚደብቀው አይደለም፣ የሚያናግረው ነው። መጽሐፉን ያገደው ባለሥልጣንም ይህንን የተረዳ ይመስለኛል፤ ክፍል ውስጥ ተደብቆ የሚያስታውስን ሰው መታገሥ ይቻላል፣ ገና ሳይወለድ የሚጠይቅን ሰው ግን አስቀድሞ የሚያስፈራራበት ነገር የለም።

መልስ 5፦ ባለ ሁለት መነጽር

እንግዳ አንባቢን አመሰግናለሁ፤ የ«አልወለድም»ን ነገር ሳላስበው ስለቀረሁ ሳይሆን በላቲን አሜሪካ ላይ ለመቆየት ብዬ ነበር የተውሁት። ክርክርዎን በከፊል እቀበላለሁ። ያልተወለደው ልጅ ብቻውን ነው፤ ግን ክርክሩን የሚያደርገው ከእናቱ ጋር ነው። ቢያንስ አንድ ሰሚ አለው፤ ሰሚዋም ከአካሉ ያልተለየች ናት።

ይህ ወደ ሆሴ አርካዲዮ ሴጉንዶ ይመልሰኛል፤ ከላይ ክፍል ውስጥ ይደብቀዋል ያልሁትንም ላብራራ። ክፍሉ ደበቀው፤ ነገር ግን በዚያው ክፍል ውስጥ በቤቱ ለሚያድገው ልጅ ለታናሹ አውሬሊያኖ (ከኮሎኔሉ ሌላ ነው) ማንበብን ያስተምረዋል፣ ከሦስት ሺህ በላይ እንደነበሩና ወደ ባሕር እንደተጣሉ አደራ ይለዋል። አውሬሊያኖ ካደገ በኋላ ሲናገር የሚያምነው ያጣል፤ የትምህርት መጻሕፍቱም የሙዝ ኩባንያው ኖሮ አያውቅም ይላሉ። የሚያምነው አንድ ጓደኛ ብቻ ነው፤ ስሙም ገብርኤል ይባላል፣ የኮሎኔሉ የጦር ጓድ የሄሪኔልዶ ማርኬዝ ዘር ነው። ደራሲው የገዛ ስሙን ለዚህ ሰው የሰጠው ለጨዋታ ብቻ አይመስለኝም። ገብርኤል ከማኮንዶ ወጥቶ ፓሪስ ይገባል፤ ስለዚህ ከተማዋ በነፋስ ስትጠፋ ታሪኩን የሚያውቅ አንድ ሰው በውጭ ይቀራል።

በ«1984» ይህን ቦታ የያዘው ከመጨረሻው ምዕራፍ በኋላ ስለ አዲሱ ቋንቋ የተጻፈው አባሪ ነው። አባሪው በኃላፊ ጊዜ፣ ፓርቲው ሊያጠፋው በፈለገው በተለመደው እንግሊዝኛ ተጽፏል፤ አንዳንድ አንባቢዎችም ከዚህ ተነሥተው የፓርቲው ዘመን አልፏል፣ የሚጽፈውም ከውድቀቱ በኋላ የኖረ ሰው ነው ይላሉ። እኔ ይህን አነባበብ የምቀበለው በግማሽ ልብ ነው፤ ልዩነቱ ግን ጥያቄውን ያነሡትን የማታ አንባቢን የሚመለከት ነው። ኦርዌል ምስክሩን ካስቀረው እንኳ ስም የሌለው ምሁር አድርጎ ነው ያስቀረው፤ ከዊንስተን ጋር የሚያገናኘው ዝምድናም ሆነ አደራ የለም። ማርኬዝ ያስቀረው ምስክር ግን ታሪኩን ከጓደኛው አፍ የሰማ፣ በዘሩ በኩልም ከነገሩ ጋር የተዛመደ ሰው ነው። የመዝገብ ቤት ሰው በዚህ ላይ የሚሉት ካለ መስማት እፈልጋለሁ፤ በተለይ ጋይታን በምክር ቤት የተናገረውን ያነበቡ ከሆነ፣ ከሲዬናጋ የመጡት ምስክሮች ቃላቸውን የሰጡት እንዴት እንደነበረ ቢያካፍሉን ውይይቱ ከልቦለዱ ወደ ሰዎቹ ይሻገር ነበር።